ቁጥሩ ለማን ይመለሳል? የብሔራዊ ክሊኒካል ኦዲት ዳሰሳ

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት አሮጊት እንግሊዝ ውስጥ ቤታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር፣ ሆስፒታል ከገቡበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ድንገተኛ ክፍል የደረሱበት፣ አልጋ ያገኙበት፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገቡበት ሰዓት ሁሉ ይመዘገባል። የአረጋውያን ሐኪም አይቷቸዋል ወይ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መቀባዠር እንዳልጀመራቸው ተፈትሿል? በማግስቱ ከአልጋ ወርደው ቆመዋል? ዳግም እንዳይሰበሩ የአጥንት መድኃኒት ታዞላቸዋል? መልሱ ከሌሎች ሆስፒታሎች መልስ ጋር ብሔራዊ የዳሌ ስብራት መዝገብ ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ በዓመት ከ60,000 በላይ ሰው በዚህ መዝገብ ያልፋል።

ክሊኒካል ኦዲት የሚባለው ይኸው ነው። ባለሙያዎች ለአንድ ሕመም ጥሩ ሕክምና ምን እንደሚመስል አስቀድመው ይስማማሉ፤ በተግባር የተሰጠውን ከዚያ ጋር ያስተያያሉ፤ ክፍተቱን ለመድፈን አንድ ነገር ይለውጣሉ፤ ከዚያ መልሰው ይለካሉ። ምርምር የትኛው ሕክምና እንደሚሻል ይጠይቃል። ኦዲት ደግሞ የሚሻል መሆኑ የታወቀውን ሕክምና ለዚህች ታካሚ ሰጥተናታል ወይ ይላል። ሥራው በአንድ ዋርድ ውስጥም ሊሠራ ይችላል። ብሔራዊ የሚሆነው የአገሪቱ ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ትርጉም ሲመልሱና መልሶቻቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

ሥራው ርካሽ አይደለም። ነርስ ከታካሚ አጠገብ ተነሥታ ኮምፒዩተር ላይ ትቀመጣለች፣ የመረጃ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ስታቲስቲሺያን ይከፈለዋል። ስለዚህ ይህ ሁሉ መለካት ታካሚ ያድናል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ማስረጃው ሲገላበጥ መልሱ አዎ ነው፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቁጥሩ አንድ ነገር መለወጥ የሚችል ሰው እጅ በጊዜው መድረስ አለበት። ወደ ላይ ተልኮ እዚያው የሚቀር ቁጥር የሠራተኛውን ጊዜ ከመብላት ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከክሪሚያ ጦርነት መልስ የወታደሮቹን ሞት በወርና በምክንያት ከፍላ በሥዕል ስታቀርብ፣ ከጥይት ይልቅ በሽታ እንደፈጃቸው ማንም ሊክድ አልቻለም። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ነው። ኮድማን ያለው ነገር ቀላል ነበር፤ ሆስፒታል እያንዳንዱን ታካሚ ከሸኘ በኋላ እየተከታተለ ሕክምናው የታሰበውን ውጤት ማምጣቱን ይይ፣ ካላመጣም ለምን እንደሆነ ይጻፍ፣ የጻፈውንም ለሕዝብ ይግለጥ። ይሠራበት የነበረው ሆስፒታል አልተቀበለውም፤ በ1914 ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ካከማቸው 337 ታካሚ ውስጥ 123 ስሕተት መገኘቱን ራሱ አሳተመ። በ1915 በአንድ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ በሀብታሞቹ የቦስተን ሐኪሞች ላይ የሚያላግጥ ትልቅ ካርቱን ሲገልጥ፣ ብዙ ባልደረቦቹ ፊታቸውን አዞሩበት። በ1940 ሞተ፤ መቃብሩ ላይ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ2014 ነው። ኮድማን የጎደለው ዘዴ አልነበረም። የጎደለው ቁጥሩን ተቀብሎ «ምን እናድርግ?» የሚል ሁለተኛ ሰው ነበር።

በእንግሊዝና በዌልስ ከ1952 ጀምሮ እናት በወሊድ ምክንያት ስትሞት ጉዳዩ በምስጢር ይመረመራል። ገምጋሚዎቹ የሟቿም የሐኪሙም ስም የተሰረዘበትን ካርድ ተቀብለው፣ ማን አጠፋ ከማለት ይልቅ ምን ቢደረግ ኖሮ ትተርፍ ነበር እያሉ ያነቡታል። በኋላ ከመጡት ኦዲቶች ሁሉ አንጋፋው ይህ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም የዚሁ ዘመድ ነውና እመለስበታለሁ።

የብሪታንያ መንግሥት ሐኪሞች ሥራቸውን በኦዲት እንዲመረምሩ በይፋ የጠየቀው በ1989 ነው። ያኔ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። ስቲቨን ቦልሲን የተባለ የሰመመን ሐኪም በ1988 እዚያ ሲቀጠር፣ የሕፃናቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ከለመደው የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድና የሚሞቱትም እንደሚበዙ አስተዋለ። የራሱን መዝገብ ከፍቶ መቁጠር ጀመረ፣ ለኃላፊዎችም ጻፈ። ሰሚ አጥቶ ቆይቶ በመጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። በኢያን ኬኔዲ የተመራው አጣሪ ቡድን በ2001 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ከ1991 እስከ 1995 ብቻ አንድ ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል በሌላ መሰል ማዕከል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 እንደሞቱ ገመተ። ሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ግምት አይመስለኝም። መረጃው ሁሉ ነበር። በቀዶ ሐኪሞቹ ማስታወሻ ነበር፣ በሙያ ማኅበራቸው መዝገብ ነበር፣ በሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ነበር። አይቶ መጠየቅ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም። ዛሬ በእንግሊዝ ያሉት በርካታ ብሔራዊ ኦዲቶች፣ ከ2008 ወዲህ እነሱን የሚያስተዳድረው ተቋምም ጭምር፣ የዚያ ድንጋጤ ልጆች ናቸው።

ወደ ዳሌ ስብራት ልመለስ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ነው። ይህ ሕመም ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልነበረውም። አጥንት ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ያውቀዋል፣ ግን ታካሚዋ አርጅታለች፣ ልቧ ደክሟል፣ መርሳት ጀምሯታል፤ ይህ የሱ ሙያ አይደለም። የአረጋውያን ሐኪሙ ይህን ያውቃል፣ ግን እሷ የተኛችው በሱ ዋርድ አይደለም። ከቀዶ ሕክምና ተራ ሁሌ የምትገፋውም እሷ ናት፤ የመኪና አደጋ ሲመጣ ወደ ነገ ትዛወራለች። ለሰመመኑ ተብሎ ከሌሊት ጀምሮ ምግብና ውኃ ተከልክላ ትውልና ማታ ላይ «ዛሬ አልደረሰሽም» ተብሎ ሾርባ ይቀርብላታል። በማግስቱም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያደረገ ክፉ ሰው የለም፤ ተረኛው ሁሉ የየራሱን ሥራ በደንብ እየሠራ ሳለ ሦስት ቀን ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሳንባ ኢንፌክሽን ይይዛታል፣ ገላዋ በመኝታ ብዛት ይቆስላል።

በ2007 የብሪታንያ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበርና የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር አንድ ላይ ተቀምጠው በስድስት ነጥብ ተስማሙ። ቶሎ አልጋ ታግኝ፣ ቀዶ ሕክምናው በሁለት ቀን ውስጥ በሥራ ሰዓት ይሠራ፣ ገላዋ አይቁሰል፣ የአረጋውያን ሐኪም ይያት፣ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ይታሰብላት፣ ለምን እንደወደቀች ይመርመር። ስድስት ብቻ። መዝገቡ የተከፈተውም ያኔውኑ ነው። በ2010 ገንዘብ ተጨመረበት፤ ቀዶ ሕክምናው በ36 ሰዓት ውስጥ ከተሠራ፣ የአረጋውያን ሐኪም በ72 ሰዓት ውስጥ ካያትና የቀሩት ነጥቦችም ከተሟሉ ሆስፒታሉ ለዚያች ታካሚ ከመደበኛው በላይ ይከፈለዋል። ከነጥቦቹ አንዱ ከጎደለ ጭማሪው የለም።

ውጤቱ ተጠንቷል። ሆስፒታል በገቡበት ዕለት ወይም በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ታካሚዎች በ2007 ከነበሩበት 54.5 በመቶ በ2011 ወደ 71.3 በመቶ ወጡ። በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ከ10.9 ወደ 8.5 በመቶ ወረዱ። ተጠራጣሪ አንባቢ ሞቱ ድሮም እየቀነሰ ነበር ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ከመዝገቡ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ከ11.5 ወደ 10.9 ወርዶ ነበር። የቀዶ ሕክምናው ፍጥነት ግን በእነዚያ ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ኋላ እንግሊዝን ያ ክፍያ ካልነበረባት ስኮትላንድ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም የሞት ቅነሳው በእንግሊዝ መብለጡን አሳይተዋል።

ለምን ሠራ? ገንዘቡ ነው ማለት ይቀላል፣ ግን ለውጡ ከገንዘቡ በፊት ጀምሯል። እኔ ከሁሉ በላይ የምመለከተው ቁጥሩ ለማን እንደተላከ ነው። ሪፖርቱ የሚደርሰው ሁለት ለሚተዋወቁ ሐኪሞች ነው፤ አንዱ የአጥንት፣ ሌላው የአረጋውያን፤ ሁለቱም የተስማሙበት ደንብ ስለሆነ «ይህ የእኛን ሥራ አይገልጽም» ማለት አይችሉም። ሁለተኛም ሰዓት መለወጥ የሚቻል ነገር ነው። ለአንድ ሆስፒታል «ታካሚዎችህ ከሌላው ይበልጥ ይሞታሉ» ቢባል ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ «ዓርብ የገቡት እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ» ቢባል ግን ቅዳሜ ጠዋት አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይከፍታል። ክፍያውም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ሥራ አስኪያጁን ተጨማሪ የአረጋውያን ሐኪም እንዲቀጥር ሲጠይቅ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ማሳየት ይችላል።

ከዚህ ተነሥቶ ኦዲት ሁሉ እንዲህ ይሠራል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ሆዳቸው በድንገት ተከፍቶ የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ታካሚዎች ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የራሳቸው ብሔራዊ ኦዲት አላቸው። ሲጀመር በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት 11.8 በመቶ ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ከ10 በመቶ በታች ሆኑ። ደስ ይላል። ይሁንና በዚያው ዘመን አንድ ትልቅ ሙከራ ተሠርቷል፤ ውጤቱም በ2019 ላንሴት ላይ ወጣ። 93 ሆስፒታሎች በዕጣ ተራ ወጥቶላቸው፣ ባለ 37 ነጥብ የሕክምና ቅደም ተከተል ከሥልጠና ጋር ተሰጣቸው፤ ሐኪሞቹም የራሳቸውን የኦዲት ቁጥር ተጠቅመው ለውጥ እንዲያመጡ ተደረገ። ወደ 16,000 የሚጠጉ ታካሚዎች ተካተቱ። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በፊትም 16 በመቶ፣ በኋላም 16 በመቶ።

ይህ ውጤት ብዙ ባለሙያ አስደንግጧል፤ ለእኔ ግን ከስኬት ታሪኮቹ ይበልጥ አስተማሪው እሱ ነው። ሆስፒታሎቹን ተጠግተው ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ታሪክ እኛም ዘንድ እንግዳ አይሆንም። ሥራውን የተቀበሉት አንድ ሁለት ሐኪሞች ከመደበኛ ሥራቸው ላይ ደርበው ነው የያዙት። ነጥቦቹ 37 ስለሆኑ እያንዳንዱ ሆስፒታል የሚቀለውን መርጦ ጀመረ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አስተማማኝ የቀዶ ሕክምና ቡድን ማቆም፣ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ መጨመር ደግሞ የአንድ ቀዶ ሐኪም ሥልጣን አይደለም። ስድስት ነጥብና ሁለት ባለቤት ያለው ኦዲት ተሳካ፤ 37 ነጥብ ይዞ ባለቤቱ የደከመው አልተሳካም። ሁለቱን ሳነጻጽር የሕመሞቹ ልዩነትም እንዳለ አልክድም፤ ዳሌ የተሰበረ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል፣ ሆዱ ውስጥ የተበጠሰበት ሰው ግን መቶ ዓይነት ነው።

በዓለም ደረጃም መረጃው ከዚህ አይርቅም። ኮክሬን የተባለው የማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር በ2012 ኦዲትና ግብረ መልስ ላይ የተሠሩ 140 ሙከራዎችን አገናዝቦ ነበር። ባለሙያዎች ትክክለኛውን ሕክምና የሚሰጡበት መጠን በመካከለኛው 4.3 በመቶ ነጥብ ብቻ ጨመረ። አነስተኛ ነው። ስርጭቱ ግን ሰፊ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ምንም ለውጥ የለም፣ በሌሎቹ 16 ነጥብና ከዚያ በላይ። ብዙ የጨመረው መነሻው ዝቅተኛ በነበረበት፣ ግብረ መልሱ ከአለቃ ወይም ከባልደረባ በመጣበት፣ በቃልም በጽሑፍም ደጋግሞ በተሰጠበት፣ ግልጽ ግብና የሥራ ዕቅድ በተያያዘበት ቦታ ነው። በዓመት አንዴ የሚታተም ወፍራም ሪፖርት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም።

የሕዝብ ውርደት የሚያነቃበት ጊዜም አለ። በ2008 የአውሮፓ የደም ሥር ሐኪሞች መዝገባቸውን ሲያወዳድሩ፣ የሆድ ትልቁ ደም ሥር ሲያብጥ በቀጠሮ በሚሠራው ቀዶ ሕክምና ብሪታንያ ከ7 በመቶ በላይ ሞት ይዛ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ኋላ ቀረች፤ የአውሮፓ አማካይ 3.5 ነበር። የብሪታንያ የደም ሥር ሐኪሞች ማኅበር ሥራውን ወደ ትልልቅ ማዕከላት ሰብስቦ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ 2.4 አወረደው። ለንደንም በ2010 የስትሮክ ሕክምናን ከ30 ያህል ሆስፒታሎች ወደ ስምንት ማዕከላት ስታጠቃልል በዓመት 96 ያህል ሰው እንዳተረፈች ተሰልቷል። ሁለቱም ቦታ ኦዲቱ ያደረገው ችግሩን ማሳየትና ኋላ ውጤቱን መመስከር ነው። ያዳነው ሆስፒታሎቹን እንደገና ማደራጀቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባለሥልጣን አስፈልጓል።

ስዊድን በዚህ ሁሉ ትቀድማለች። የጉልበት መገጣጠሚያ መዝገቧ ከ1975 ጀምሮ አለ፤ እያንዳንዱ ዜጋ ከ1947 ወዲህ አንድ መለያ ቁጥር ስላለው ከሆስፒታል ወጥቶ ምን እንደሆነ መከታተል አይቸግርም። በ2014 የስዊድንና የብሪታንያ የልብ ሕመም መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከ2004 እስከ 2010 ልባቸው በድንገት ከተመታ ታካሚዎች በ30 ቀን የሞቱት በስዊድን 7.6፣ በብሪታንያ 10.5 በመቶ ነበሩ። የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ወዲያው በቱቦ የመክፈት ሕክምና ስዊድን ውስጥ 59 በመቶው ሲያገኙ ብሪታንያ ውስጥ 22 በመቶው ብቻ አግኝተዋል። ሁለቱም አገሮች ብሔራዊ መዝገብ ነበራቸው፤ አዲሱን ሕክምና ፈጥና ያዳረሰችው ግን አንዷ ናት። የመገጣጠሚያ መዝገቦች ሌላም ውለታ አላቸው፤ በ2010 ከገበያ የተሰበሰበው ባለ ብረት ሰው ሠራሽ ዳሌ ቶሎ ቶሎ እንደሚበላሽ ቀድሞ ያመለከተው የአውስትራሊያው መዝገብ ነው።

የሐኪም ስም ይውጣ ወይስ አይውጣ? በኒው ዮርክ ግዛት የልብ ቀዶ ሕክምና ሞት ከ1989 ጀምሮ በሆስፒታል ይመዘገብ ነበር፤ በ1991 ኒውስዴይ የተባለው ጋዜጣ በፍርድ ቤት አስወስኖ የየቀዶ ሐኪሙን ስም አወጣው። ሞት በፍጥነት ቀነሰ። ይሁንና ከ1989 እስከ 1991 ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለባቸው ተብለው የተመዘገቡት ታካሚዎች ከ6.9 ወደ 17.4 በመቶ፣ ልባቸው ደክሟል የተባሉት ከ1.7 ወደ 7.6 በመቶ አሻቀቡ። የኒው ዮርክ ሰው በሁለት ዓመት እንዲህ አልታመመም። ሐኪሙ ታካሚውን የከፋ አድርጎ በጻፈ ቁጥር፣ በስሌቱ ላይ የራሱ ውጤት ያማረ ይሆናል። በጣም የታመሙትም ወደ ሌላ ግዛት ይላኩ ነበር የሚል ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። እንግሊዝም በ2013 የቀዶ ሐኪሞችን ውጤት በስም ማውጣት ጀምራለች። በዓመት ጥቂት ደርዘን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም አንድ ሁለት ሞት በዕድል ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከዚያ ቁጥር ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። የእኔ አቋም የሆስፒታሉ ስም ይውጣ፣ የሐኪሙ ግን በባልደረቦቹ መካከል ይታይ የሚል ነው። ብሪስቶልን የሚያስታውስ ወላጅ በዚህ ላይስማማ ይችላል፣ መብቱም ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ሐሳብ በጣም የሚቀርበው በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ነው፤ በኋላ የጨቅላ ሕፃናት ሞትም ተጨምሮበታል። እናት ስትሞት ሪፖርት ይደረጋል፤ ቤት ከሞተች ቤተሰቧ ይጠየቃል፣ ሆስፒታል ከሞተች ኮሚቴ ካርዷን ያወጣል። ጥያቄው ሦስቱ መዘግየቶች የሚባሉት ናቸው፤ ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ዘገየ? መንገድ ላይ ዘገየ? ከደረሰች በኋላ ሕክምናው ዘገየ? መርሁ የማንም ስም እንዳይጠራ፣ ማንም እንዳይወቀስ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት የእናቶች ሞት በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአምቡላንስ፣ የመንገድና የጤና ጣቢያ ሥራ ነው፤ ለቅኝቱ መስጠት አይገባም። ቅኝቱ የሰጠን እናቶች በዋናነት በደም መፍሰስ እንደሚሞቱ በየዓመቱ የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ኮሚቴው ፊት የሚቀርበውን ካርድ ተጠግቶ ያየ ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳል። ከወሊድ በኋላ ደም እንደፈሰሳት ተጽፏል፣ እንደሞተችም ተጽፏል። በመካከል ደም መቼ ተጠየቀ፣ መቼስ መጣ የሚለው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሰዓቱ ቢጻፍ እንኳ «3፡00» የሚለው በሀበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ? ጠንቃቃዎቹ «ኤል ቲ» ብለው የአገር ቤት ሰዓት መሆኑን ይጠቁማሉ፤ ሌላው ዝም ይላል። አዋላጇ በሀበሻ ጽፋ ሪፈር ያደረገው ጤና ጣቢያ በፈረንጅ ከጻፈ፣ እናቲቱ ከመነሳቷ በፊት የደረሰች ትመስላለች። የእንግሊዙ የዳሌ ስብራት መዝገብ የቆመው በሰዓት ላይ መሆኑን ለሚያስታውስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ፍርሃቱ አለ። ስም አይጠራም ቢባልም፣ ካርዱ የክስ ማስረጃ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ባለሙያ አጭር ይጽፋል። ወረዳም «ዜሮ ሞት» ብሎ ሪፖርት ካደረገ ጥሩ ሠራ ይባላል እንጂ እንዴት ዜሮ ሆነ ተብሎ አይጠየቅም። ለዚህ ይመስለኛል ለቅኝቱ የሚደርሰው ሞት በአገር ደረጃ ከሚገመተው ጥቂቱ ብቻ የሆነው። በኦዲት ዓለም የመጀመሪያው የጤንነት ምልክት የሪፖርት ቁጥር መጨመር ነው፤ አመራሩ ይህን እንደ ውድቀት ካየው ነገሩ እዚያው ይሞታል።

ኢትዮጵያ የሚያስፈልጋትን የምትጀምረው ከባዶ አይደለም። በ2012 የተመሠረተው የሆስፒታሎች የጥራት ኅብረት ጎበዝ ሆስፒታሎች በዙሪያቸው ያሉትን እንዲያግዙ አደራጅቷቸዋል፤ ግብረ መልስ ከባልደረባ ሲመጣ የተሻለ ይሠራል የሚለውን ላነበበ ይህ ጥሩ መሠረት ነው። ጎረቤት ኬንያም ምሳሌ አላት። በ2013 የተጀመረው የሕፃናት ዋርዶች የመረጃ መረብ ለየሆስፒታሉ አንድ ዓይነት የመግቢያ ቅጽ ሰጠ፤ ቁጥሩን በየጥቂት ወሩ ለራሱ ለዋርዱ የሕፃናት ሐኪምና ነርስ ይመልሳል፤ ሐኪሞቹንም ያገናኛል። መጀመሪያ የተሻሻለው የካርዱ አጻጻፍ ነበር። ቀላል ይመስላል፣ ግን ያለሱ የቀረው ሁሉ አይቆጠርም።

እዚህ አገር የ30 ቀን ሞትን መለካት ለጊዜው አይታሰብም። ታካሚው በእያንዳንዱ ሆስፒታል አዲስ ካርድ ቁጥር ያወጣል፤ ከወጣ በኋላ ቤቱ ቢሞት ሆስፒታሉ አያውቅም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2016 ቢጀመርም ሞትን ለማስመዝገብ የሚሄደው ቤተሰብ ገና ጥቂት ነው። ፋይዳ መታወቂያ አንድ ቀን ይህን ሊያቃልለው ይችላል። እስከዚያው መለካት የሚቻለው ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሆነው ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ከተባለበት እስከተጀመረበት ስንት ደቂቃ ሆነ፣ ደም ከተጠየቀ ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ሌሊት የመጣችው ቀን ከመጣችው ስንት እጥፍ ጠበቀች። አራት አምስት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ ወር በወር ለማዋለጃ ክፍሉ የሚመለስ አንድ ገጽ ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የኮሚቴው ምክረ ሐሳብ ቢለወጥ እመርጣለሁ። በግምገማ ማጠቃለያ ላይ ደጋግሞ የሚጻፈው «ለባለሙያዎች ሥልጠና ይሰጥ» የሚለው ነው። ደም ባንኩ ሌላ ከተማ ስለሆነ ደም ለዘገየባት እናት አዋላጇን ማሠልጠን ምን ይጨምራል? የዚያ ቁጥር ተቀባይ ደም ባንኩና የክልሉ ጤና ቢሮ ናቸው፤ አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ተቀባዩ ወረዳው ነው። ቅጹ ላይ ከምክረ ሐሳቡ ጎን የሚፈጽመው መሥሪያ ቤትና የሚፈጸምበት ቀን ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ስብሰባም አዲስ ካርድ ከመክፈቱ በፊት ባለፈው የተጻፈው መፈጸሙን ይጠይቅ።